ጭሱ የት ይሄዳል?

ስለ አየር መበከልና ስለ አየር ንብረት መለወጥ ተማሪዎችን ለማስተማር የተዘጋጀ ጥናት



በእናንተ ጸሎትና ስጦታ በሚካሄደው የልማት ሥራ ውስጥ ምንጭ ማጎልበትና ችግኝ ማፍላት እንዳለ ታውቃላችሁ። ከዚህ ጎን ለጎን ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ለተማሪዎች የምንሰጠው ትምህርትም አለ። ከእናንተ መካከል የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪዎች የሆናችሁ፣ ስለ አየር መበከልና ስለ አየር ንብረት መለወጥ ለልጆች እንዴት እንደምናስተምር እንድናካፍላችሁ ጠይቃችሁናል። ስለዚህ በዚህ እትም ትምህርቱን በአምስት ክፍል አቅርበነዋል። ከዚያ በፊት ግን በመጀመሪያው ዓመት የሠራነውን ስሕተት ልንነግራችሁ ይገባናል፤ ትምህርቱን ያረመልን እርሱ ነውና።

የተሳሳትንበት ነገር

ትምህርቱን የጀመርነው በወላይታ፣ ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ዳር በሚገኝ ሰፈር ነበር። በዚያ መንገድ የተጓዛችሁ ሁሉ እዚያም እዚህም የተደረደረውን የከሰል ጆንያ አይታችሁ ይሆናል። እኛም ትልቅ ሥዕል አዘጋጅተን መጣን። በአንድ በኩል ለምለም ዛፍ፣ በሌላው በኩል መጥረቢያ የያዘ ሰውና ጥቁር ጆንያ ተሥሎበታል። «የእግዚአብሔርን ፍጥረት የሚያጠፋው የትኛው ነው?» ብለን ጠየቅን። ልጆቹ በአንድ ድምፅ መለሱ። ከዚያም አንዱ ልጅ እጁን ዘርግቶ «የእርሷ እናት ከሰል ሻጭ ናት!» አለ። ሁሉም ዞሮ አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ተመለከተ። እርሷ አንገቷን ደፋች። እኛም ነገሩን ሳናስተውል ትምህርቱን ቀጠልን።

ልጅቷ በሚቀጥሉት ሁለት ቅዳሜዎች አልመጣችም። ከቤተ ክርስቲያኑ አንዲት እናት ጋር ሆነን ልንጠይቃት ሄድን። እናቷን መንገድ ዳር ከጆንያዎቿ አጠገብ ተቀምጣ አገኘናት። በትሕትና ተቀበለችን፤ ነገር ግን እንዲህ አለችን፦ «ልጄ በኃጢአት ገንዘብ የተገዛ እህል አልበላም ብላ ሁለት ቀን ምሳዋን ተወች። ደብተሯን የምገዛው ግን በዚሁ ነው። ከሰሉን ተዪ ስትሉኝ በምትኩ ምን ሰጣችሁኝ? ለመሆኑ የእናንተስ ቡና የሚፈላው በማን ከሰል ነው?»

የምንመልሰው አልነበረንም። ወደ ጽሕፈት ቤታችን ተመልሰን ዘበኛውን ስንጠይቀው ከሰሉን የሚገዛው ከእርሷው መሆኑን ነገረን።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በልጆቹ ሁሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅን። ሥዕሉንም አነሣነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የትምህርቱ የመጀመሪያ ደንብ ይህ ሆነ፦ የማንም ልጅ ቤት በጣት አይጠቆምም፤ አስተማሪው ከራሱ ቤት ጭስ ይጀምራል።

የትምህርቱ መሠረት

አስተማሪው አስቀድሞ ዘፍጥረት 2፥15ን ከልጆቹ ጋር ያንብብ። እግዚአብሔር ሰውን በገነት ያኖረው ሁለት ሥራ ሰጥቶት ነው፤ አንዱ ማልማት፣ ሁለተኛው መጠበቅ። ሁለቱ አይነጣጠሉም። ቤተሰቧን ለማብላት እሳት የምታነድ እናት የመጀመሪያውን እየሠራች ነው። እርሷ የጎደላት የሁለተኛው መንገድ እንጂ ፈቃዱ ላይሆን ይችላል። ቀጥሎ መዝሙር 24፥1 ይነበብ። ምድር የጌታ ከሆነች አየሩም የእርሱ ነው፤ የጎረቤታችንም ሕፃን የሚተነፍሰው ያንኑ አየር ነው።

አንደኛ ትምህርት፦ በማድ ቤት ያለው አየር

የሚያስፈልገው፦ ከአንድ ነጭ ጨርቅ የተቀደዱ ቁራጮች፣ ጥቂት ቫዝሊን፣ ክርና ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት።

እያንዳንዱ ተማሪ ሁለት ቁራጭ ጨርቅ ቫዝሊን በስሱ ቀብቶ ይወስዳል። አንዱን በማድ ቤት ከጉልቻው አጠገብ፣ ሌላውን በደጅ ከዛፍ ላይ ይሰቅላል። ከሦስት ቀን በኋላ ሁለቱንም ያመጣል። በጨርቁ ላይ ቁጥር እንጂ ስም አይጻፍም። አስተማሪው አስቀድሞ የራሱን ማድ ቤት ጨርቅ ያሳያል። እኛ ስናሳይ ልጆቹ ሳቁብን፤ የእኛ ከብዙዎቹ ይልቅ ጠቁሮ ነበርና።

ቀጥሎ አስተማሪው እንዲህ ያስረዳል። ከምንተነፍሰው አየር ከመቶው 78 እጅ ናይትሮጅን፣ 21 እጅ ኦክሲጅን ነው። የቀረው አንድ እጅ የሌሎች ጋዞች ድርሻ ነው። እንጨት ሲነድ በዚህ አየር ላይ ጥላሸትና መርዘኛ ጋዝ ይጨመራል። በጨርቁ ላይ የምናየው ትልቅ ትልቁን ጥላሸት ነው። ይበልጥ የሚጎዳው ግን በዓይን የማይታየው፣ ከጠጉር ውፍረት ሠላሳ ጊዜ ያህል የሚያንሰው ደቃቅ ብናኝ ነው። ትልቁን አፍንጫና ጉሮሮ ይይዙታል፤ ደቃቁ ግን እስከ ሳንባ ጥግ ድረስ ይዘልቃል። ከዚህም የተነሣ ሕፃናት በሳንባ ምች ይታመማሉ፤ በዕድሜ የገፉትም በልብና በሳንባ በሽታ፣ በዓይን ሞራም ይቸገራሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ከቤት ውስጥ ጭስ የተነሣ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል። ከእነዚህም ከ237,000 በላይ የሆኑት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። በአገራችን አብዛኛው ቤተሰብ አሁንም የሚያበስለው በእንጨት፣ በኩበትና በከሰል ስለሆነ ይህ ነገር የሩቅ ወሬ አይደለም። እናቱ አዝላው ወጥ የምትሠራ ሕፃን አፍንጫው የሚደርሰው በጭሱ መካከል ነው።

ልጆች ይህ የድኻ አገር ጣጣ ብቻ እንዳይመስላቸው የለንደንን ታሪክ እንነግራቸዋለን። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1952 በለንደን ከተማ ብርድ በርትቶ ነበርና ሁሉም በየቤቱ የድንጋይ ከሰል አነደደ። ነፋስ ስላልነበረ ጭሱ ለአምስት ቀን ከተማይቱን ሸፍኖ ቆየ። በዚያን ጊዜ 4,000 ያህል ሰዎች እንደ ሞቱ ተገመተ፤ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ቁጥሩን እስከ 12,000 ያደርሱታል። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1956፣ የንጹሕ አየር ሕግ ወጣ፤ የከተማይቱም አየር እየተሻሻለ ሄደ። ሰው ያበላሸውን አየር ሰው ሊያስተካክለው እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

ተማሪዎች በቤታቸው ሊያደርጉ የሚችሉት፦

ሀ. እንጨቱ በሚገባ እስኪደርቅ መጠበቅ፤ እርጥብ እንጨት ብዙ ይጨሳልና።
ለ. በማድ ቤቱ ጣራ ሥር የጭስ መውጫ መክፈት፤ በሩንም ክፍት ማድረግ።
ሐ. ድስቱን በክዳን መክደን፤ ቶሎ ይፈላል፣ እንጨትም ይቆጥባል።
መ. እናት ስታበስል ሕፃኑን በደጅ መያዝ። ይህ ለታላላቅ እኅቶችና ለወንዶች ልጆችም የተሰጠ ሥራ ነው።
ሠ. ቤተሰቡ ከቻለ የተሻሻለ ምድጃ መጠቀም። ከሲሚንቶና ከእሳተ ገሞራ ከተገኘ ቀላል ድንጋይ የሚሠራው «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ግማሽ ያህል እንጨት ይቆጥባል። «ላቀች» የተባለው የከሰል ምድጃም ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ አንድ አራተኛ ያህል ከሰል ያተርፋል።

ሁለተኛ ትምህርት፦ ሽታ የሌለው መርዝ

ከአምስቱ ትምህርቶች አንዱን ብቻ ለማስተማር ጊዜ ያለው አስተማሪ ቢኖር ይህን እንዲያስተምር እንለምነዋለን።

አንድ ሻማ አብርቶ በብርጭቆ መክደን ነው። ነበልባሉ ጥቂት ቆይቶ እየደከመ ይጠፋል፤ በብርጭቆው ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ለመንደድ አልበቃ ስለሚለው ነው። ልጆቹ ይህን ካዩ በኋላ «በዝናብ ጊዜ በርና መስኮት ዘግተን፣ ከሰል አቀጣጥለን ብንተኛ ምን ይሆናል?» ብሎ አስተማሪው ይጠይቅ።

ከሰል በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ይወጣዋል። ይህ ጋዝ መልክ የለውም፤ ሽታም የለውም። የጋመው ከሰል ስለማይጨስ ደኅና ይመስላል፤ አደጋው ግን በዚያው አለ። ጋዙ በደማችን ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመውን ክፍል ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ስለዚህ ሰውየው እየተነፈሰ ሳለ አካሉ ይታፈናል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ቀጥሎ ማቅለሽለሽና ድካም ይመጣል። የተኛ ሰው ግን ይህን ምልክት ሳያውቀው በዚያው ሊያልፍ ይችላል። በአገራችን በክረምት ሌሊት ስንት ቤተሰብ በዚህ መንገድ ተጎድቷል!

ተማሪዎቹ ይህን ደንብ በቃላቸው ይያዙ፦ ከመኝታ በፊት ምድጃው ወደ ደጅ ይወጣል። ራሱን የታመመ ሰው ካለ በሩ ይከፈት፤ ሰውየውም ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር ይውጣ፤ ወደ ጤና ጣቢያም ይወሰድ።

ሦስተኛ ትምህርት፦ የምድር ጋቢ

እስካሁን የተማርነው ቅርባችን ያለውን ሰው ስለሚጎዳ ጭስ ነው። አሁን ደግሞ ጭሱ ከቤት ከወጣ በኋላ የት እንደሚሄድ እንማራለን።

አስተማሪው አንድ ኪሎ ከሰል በሚዛን ይመዝን። ነዶ ሲያበቃ አመዱን ይመዝን። አመዱ ከከሰሉ እጅግ ያነሰ ነው። «የቀረው የት ሄደ?» ብሎ ይጠይቅ። የእኛ ተማሪዎች አንዳንዶቹ «ጠፋ» አሉ፤ አንዳንዶቹ «እሳቱ በላው» አሉ። ነገር ግን አልጠፋም። በከሰሉ ያለው ካርቦን በአየር ካለው ኦክሲጅን ጋር ተዋሕዶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆነ። እንዲያውም ኦክሲጅኑ ስለተጨመረበት ከአንዱ ኪሎ ከሰል ከሁለት ኪሎ ተኩል በላይ ጋዝ ወጥቷል። ይህን ሲሰሙ ልጆቹ በጣም ይደነቃሉ።

ይህ ጋዝ በራሱ ክፉ አይደለም። እኛም ወደ ውጭ ስንተነፍስ ይወጣል፤ ተክሎችም ምግባቸውን የሚሠሩበት ነው። በሰማይም ለምድር እንደ ጋቢ ነው። ፀሐይ ምድርን ታሞቃለች፤ ምድርም ሙቀቱን ወደ ላይ ትመልሳለች፤ ይህ ጋዝና የውሃ ተን ከሌሎች ጋዞች ጋር ሆነው ከሙቀቱ የተወሰነውን ይይዙታል። ጋቢው ባይኖር የምድር አማካይ ሙቀት ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ያህል በሆነ ነበር። በጋቢው ምክንያት ግን 15 ዲግሪ ያህል ሆኖ እንኖራለን። ይህን ያዘጋጀውን ጌታ እናመስግን።

ችግሩ ጋቢ ላይ ጋቢ መደረቡ ነው። ፋብሪካ ከመስፋፋቱ በፊት በአየር ውስጥ ከሚሊዮን እጅ 280 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር። ቻርልስ ኪሊንግ የተባለ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1958 በሐዋይ ደሴት ተራራ ላይ መለካት ሲጀምር 315 ያህል ሆኖ አገኘው። ዛሬ ከ420 በላይ ሆኗል። የጨመረውም በዋነኛነት የድንጋይ ከሰል፣ ነዳጅ ዘይትና የተፈጥሮ ጋዝ በመቃጠሉ፣ ደግሞም ደን በመመንጠሩ ነው። የዓለም ሜትዎሮሎጂ ድርጅት እንዳስታወቀው፣ እ.ኤ.አ. 2024 መለካት ከተጀመረ ወዲህ እጅግ ሞቃቱ ዓመት ነበር፤ ከቀድሞው ዘመንም አንድ ዲግሪ ተኩል ያህል በለጠ።

እዚህ ላይ አስተማሪው አንድ ልዩነት በግልጽ ያስረዳ። እንጨት ስናነድ የሚወጣው ካርቦን ዛፉ ከአየር የወሰደው ነው። በተቆረጠው ዛፍ ፈንታ ሌላ ካደገ ጋዙን መልሶ ይወስደዋል፤ ካላደገ ግን በአየር ይቀራል። ነዳጅ ዘይትና የድንጋይ ከሰል ግን በምድር ሆድ ለብዙ ሚሊዮን ዓመታት ተቀብሮ የኖረ ካርቦን ነው። እርሱ ሲወጣ በጋቢው ላይ አዲስ ድርብ ይጨምራል።

አራተኛ ትምህርት፦ ዝናቡን መመዝገብ

ልጆች «ዘንድሮ ሞቀ፤ የአየር ንብረት ተለወጠ» ብለው እንዳይቸኩሉ ማስተማር ያስፈልጋል። የአንድ ቀን ወይም የአንድ ዓመት ሁኔታ የአየር ጠባይ ይባላል። የአየር ንብረት የምንለው ግን የብዙ ዓመት፣ እንደተለመደውም የሠላሳ ዓመት አማካይ ነው። ድርቅ በአገራችን ድሮም ነበር። በ1966ና በ1977 ዓ.ም. ወገኖቻችን በረኀብ ያለቁት ዝናብ በመቅረቱ ብቻ አልነበረም፤ የሰው ጥፋትና ጦርነትም ነበረበት። ይህንንም በእውነት እንናገር።

የሚያስፈልገው፦ ጎኑ ቀጥ ያለ ባዶ ጣሳ፣ ማስመሪያና ደብተር።

ጣሳው ከዛፍና ከጣራ ርቆ ሜዳ ላይ ይቀመጥ። በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ በጣሳው የተጠራቀመው ውሃ በማስመሪያ ይለካና ይመዝገብ። አንድ ሚሊሜትር ማለት በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውሃ ወረደ ማለት ነው። ልጆቹ ይህን ካወቁ የአባታቸው ማሳ ስንት ውሃ እንደጠጣ ራሳቸው ያሰሉታል።

ከዚህ ጋር እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት አሮጊት ይጠይቅ። የበልግ ዝናብ በልጅነታቸው መቼ ይጀምር ነበር? የትኛው ምንጭ ደረቀ? በቆሎና ስኳር ድንች መቼ ይተከል ነበር? የሽማግሌዎቹ ወሬ ከመዝገቡ ጋር ጎን ለጎን ይቀመጥ፤ አንዱ ሌላውን አይተካም።

እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2023 መጀመሪያ በቦረናና በሶማሌ በኩል አምስት የዝናብ ወራት ተከታትለው ሲከሽፉ ከብት አለቀ፤ ሕዝቡም ተሰደደ። ያን ድርቅ በጋራ ያጠኑ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2023 እንዳስታወቁት፣ የምድር መሞቅ ድርቁን የመከሰት ዕድሉን ቢያንስ መቶ ጊዜ ጨምሮታል። ምክንያቱም አየሩ ሲሞቅ የወረደውን ጥቂት ዝናብ እንኳ ከመሬቱና ከተክሉ ፈጥኖ ይመጠዋል። ስለዚህ «ዝናቡ ዘነበ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም፤ «ውሃው በመሬቱ ውስጥ ቆየ ወይ?» ብሎ መጠየቅም ያስፈልጋል።

አምስተኛ ትምህርት፦ ጉቶው ያቆጠቁጣል

ልጆችን በፍርሃት አስተምረን ወደ ቤት ልንሰዳቸው አይገባንም። ስለዚህ በመጨረሻው ቅዳሜ ኢዮብ 14፥7ን አንብበን ወደ ሜዳ እንወጣለን። ኢዮብ በመከራው ሳለ፣ የተቆረጠ ዛፍ እንደገና ሊያቆጠቁጥ ተስፋ እንዳለው አስተዋለ።

እ.ኤ.አ. በ1928 ወንጌል ይዘው ወደ ወላይታ የመጡትን የኤስ.አይ.ኤም. ሚሲዮናውያን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። የዚያው ሚሲዮን አገልጋይ የነበረው አውስትራሊያዊው ቶኒ ሪናውዶ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በኒጀር አገር ችግኝ ይተክል ነበር። ችግኙ ግን እየደረቀ አስቸገረው። እ.ኤ.አ. በ1983 አንድ ቀን በሜዳው ላይ ያለውን ቁጥቋጦ ቀረብ ብሎ ሲያየው ቁጥቋጦ አልነበረም፤ ሥሩ ገና ሕያው ከሆነ ከተቆረጠ ዛፍ ጉቶ የወጣ ቅርንጫፍ ነበር። ከዚያ በኋላ ገበሬዎችን ያስተማረው ጠንካራውን ቅርንጫፍ መርጦ ሌላውን መመልመልና ከከብት መጠበቅ ነው። በኒጀር በዚህ መንገድ በሚሊዮን የሚቆጠር ሄክታር መሬት ዛፍ ለብሷል።

ይኸው ዘዴ በኋላ በእኛው አገር በሁምቦ ተራራ ላይ ተሠራበት። ወርልድ ቪዥን ከአካባቢው የገበሬ ማኅበራት ጋር ሆኖ 2,728 ሄክታር የተራቆተ መሬት ከለለ። ልቅ ግጦሽና ከሰል ማክሰል ቀረ፤ ሣር እያጨዱ መውሰድ ግን ተፈቀደ። አብዛኛው ደን የበቀለው ከቆየው ጉቶ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2009 ሥራው በተባበሩት መንግሥታት ዘንድ ተመዘገበ፤ ዛፎቹ ከአየር ለወሰዱት ካርቦንም ማኅበራቱ ገንዘብ አገኙ።

ተማሪዎቹ ከሜዳው አንድ አንድ ጉቶ ይመርጣሉ፤ ከባለ መሬቱ ጋር ተስማምተው በእሾህ ያጥሩታል፤ ይመለምሉታል፤ ቁመቱንም በደብተራቸው ይጽፋሉ። የተመለመለው ቅርንጫፍም ለማገዶ ይሆናል። ችግኝ መትከል መልካም ነው፤ ነገር ግን ከተተከለው ይልቅ የተጠበቀው ይቆጠራልና መጠበቅን አብረን እናስተምር።

ሁለት ከባድ ጥያቄዎች

አንደኛው ከአንድ ሽማግሌ የመጣ ነው። «እግዚአብሔር በዘፍጥረት 8፥22 መዝራትና ማጨድ፣ ብርድና ሙቀት እንዳይቋረጡ ተስፋ ሰጥቷል። ታዲያ ልጆቹን ለምን ታስፈራሯቸዋላችሁ?» አሉን። ተስፋው እውነት ነው። እኛም ወቅቶች ይጠፋሉ አንልም። ነገር ግን ይህን ተስፋ የሰጠው አምላክ ራሱ በዮሴፍ ዘመን የረኀቡን ዓመታት አስቀድሞ አስታወቀ (ዘፍጥረት 41)። ዮሴፍም «እግዚአብሔር ያውቃል» ብሎ አልተኛም፤ እህል አከማቸ። ማስጠንቀቂያን ሰምቶ መዘጋጀት እምነት ማጣት አይደለም።

ሁለተኛው ከአንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የመጣ ነው። «ጋቢውን የደረቡት ሌሎች ከሆኑ እኛ ለምን እንጠየቃለን?» አለን። ልጁ እውነት አለው። በኢትዮጵያ አንድ ሰው በዓመት ከነዳጅ የተነሣ የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአማካይ ከ0.2 ቶን ያነሰ ነው፤ በአሜሪካ ግን 14 ቶን ያህል ነው። ለዚህ ልጅ «ጥፋቱ የአንተ ነው» ብንለው ሐሰት ይሆንብናል። ያልነው እንዲህ ነው፦ ምድጃችንን የምናሻሽለው የእናቶቻችንና የሕፃናቶቻችን ሳንባ ስለሚጎዳ ነው። ጉቶውን የምንጠብቀው ውሃና አፈር ለራሳችን ስለሚያስፈልገን ነው። የዓለሙን ሙቀት በተመለከተ ግን ብዙ ያወጡት ብዙ ሊቀንሱ ይገባቸዋል። ከእናንተ መካከል በአሜሪካና በአውሮፓ የምትኖሩ ወገኖች ይህን የልጁን ጥያቄ በመኪናችሁና በቤታችሁ ማሞቂያ ፊት እንድታስቡበት አደራ እንላለን። ስጦታችሁን በምስጋና እንቀበላለን፤ ለጥያቄው የሚሰጠው መልስ ግን ስጦታ ብቻ አይደለም።

ልጅቷና እናቷ

ልጅቷ ከይቅርታው በኋላ ተመልሳ መጣች። ጨርቋንም እንደ ሌሎቹ በቁጥር አመጣች። እናቷ የጨርቁን ጥቁረት አይታ በማድ ቤቱ ጣራ ሥር ጭስ መውጫ እንዲከፈት አድርጋለች፤ ታናሽየውንም ልጅ እሳት ሲነድ ልጅቷ በደጅ ትይዘዋለች። እናቷ ከሌሎች ሦስት እናቶች ጋር ከእናንተ ስጦታ ከተገኘው ተዘዋዋሪ ብድር ወስዳ ዶሮ ማርባት ጀምራለች። ከሰል መሸጡን ገና አልተወችም። የዶሮው ገቢ የከሰሉን ሲተካ እንደምትተው ነግራናለች፤ እኛም አናስቸኩላትም። እርሷ የጠየቀችን «በምትኩ ምን ሰጣችሁኝ?» የሚለው ጥያቄ ግን በትምህርት ማስታወሻችን የመጀመሪያ ገጽ ላይ ተጽፏል። ለምንነቅፈው ነገር ምትክ ሳናዘጋጅ ወደ ልጆች ፊት አንቆምም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በማድ ቤታችን ጭሱን የሚተነፍሰው ማን ነው? በዚህ ሳምንት ምን እንለውጥ?
2. ማልማትና መጠበቅ የተጋጩበት ጊዜ በሰፈራችን አለ? እንዴት ይታረቁ?
3. በቤተ ክርስቲያናችን ቡናና ሻይ የሚፈላው በምንድን ነው? ስለ ሻጯስ ምን እናውቃለን?
4. ከዮሴፍ ታሪክ ለራሳችን ዘመን ምን እንማራለን?

የጸሎት ርእስ

በማድ ቤት ጭስ ውስጥ ስለሚውሉ እናቶችና ሕፃናት፤ በየቅዳሜው ስለሚያስተምሩ ወንድሞችና እኅቶች፤ የበልግ ዝናብ ስለሚጠብቁ ገበሬዎች፤ የገንዘብና የሥልጣን ኀይል ስላላቸው መንግሥታት ማስተዋል ጸልዩልን።

የጌታ ጸጋና ሰላም ከእናንተ ጋር ይሁን።